ስዊድንን የሠሯት ተሸናፊዎች

በ1871 በስዊድን በሃምሳ አራት የገጠር ቀበሌዎች አንድ ሰው ብቻውን ከቀረው ሕዝብ ሁሉ የሚበልጥ ድምፅ ነበረው። ድምፅ የሚቆጠረው በነፍስ ወከፍ አልነበረም፤ በሀብትና በግብር ልክ ነበር። ባለመሬቱ ወይም የፋብሪካው ጌታ እጁን ካወጣ ጉባኤው አለቀ። ኩባንያ ሳይቀር ድምፅ ይሰጥ ነበር። ለፓርላማው ሁለተኛ ምክር ቤት ለመምረጥም ንብረት ወይም ደህና ገቢ ያስፈልግ ስለነበር መብቱ የነበረው ከአዋቂ ወንዶች አምስት አንዱ ገደማ ነው። ሴት ጭራሽ አትመርጥም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከ1867 እስከ 1869፣ አገሪቱን ረኃብ መትቷታል። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ስዊድናዊም በጥቂት ትውልድ ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ አሜሪካ ገብቷል።

(«ዓ.ም.» ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የማነሳው ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር የምሰማው አንድ አነጋገር ስላለ ነው፤ «እነሱማ ታድለው! እግዜር ሲፈጥራቸው ሰላም አድርጎ ፈጥሯቸው!» ይሉኛል። እኔ ስቶክሆልም ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳ ሠራተኛ ነኝ፤ የሠራተኛ ማኅበራችንም ተወካይ ነኝ። አባቴ የድሬዳዋ ሸሚኖ ነበር፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ስለ ማኅበርና ስለ አድማ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ይህቺ አገር እንዴት እንዲህ ሆነች ብዬ መጠየቄ አልቀረም። ያገኘሁት መልስ የመታደል ታሪክ አይደለም። ደጋግመው የተሸነፉ፣ በተሸነፉ ማግስት ግን ስብሰባቸውን ጠርተው ቃለ ጉባኤ የያዙ ድሆች ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የተሰበሰቡት ለጸሎት ነበር። በ1726 የወጣ ሕግ ሰዎች ካህን በሌለበት ቤት ውስጥ ተሰብስበው መጽሐፍ ቅዱስ እንዳያነቡ ይከለክል ነበር። የጣሰ ይቀጣል፤ ገንዘብ ከሌለው እስራት ይጠብቀዋል። ሕጉ የተሻረው በ1858 ነው። እስከዚያ ድረስ ገበሬው፣ ጫማ ሰፊው፣ የቤት ሠራተኛዋ በሰው ሳሎን ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር። በዚያ ሳሎን ውስጥ ተራው ሰው ማንበብን፣ ቆሞ መናገርን፣ ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ ማዳመጥን ተማረ። የመሰብሰብን መብት ስዊድን ውስጥ መጀመሪያ በጉልበታቸው ያስከበሩት ፖለቲከኞች ሳይሆኑ እነዚህ ጸሎተኞች ናቸው፤ ይህ ውለታቸው የሚገባውን ያህል ሲነገርላቸው አልሰማም።

ነገሩ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ከዚያ የመነቃቃት እንቅስቃሴ በ1856 ስቶክሆልም ውስጥ አንድ የወንጌል ማኅበር ተመሠረተ፤ ሚስዮናውያኑም በ1866 ምፅዋ ደረሱ። በልጅነቱ ከኢሉባቦር በባርነት ተሽጦ ምፅዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በእነሱ ትምህርት ቤት ተማረ። ከ1876 እስከ 1881 ደግሞ ስቶክሆልም አጠገብ ብሩማ በሚገኘው የዩሃነሉንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ቆየ። መጽሐፍ ቅዱስን ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ወደ ኦሮምኛ የመለሰው ያ ሰው የስዊድን ሠራተኞች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ሥራ ሲያቆሙ እዚሁ አገር ነበር ማለት ነው። ብሩማ ዛሬ የከተማው ክፍል ናት፤ ብዙዎቻችን በባቡር እናልፍባታለን።

ሠራተኞቹ በብዛት ሥራ ያቆሙበት ያ ዓመት 1879 ነው። በሰሜን፣ በሱንድስቫል ከተማ ዙሪያ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኞች ደሞዛቸው ሲቀነስ ሥራ አቆሙ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የጸሎት ቤት ሰዎች ስለነበሩ መዝሙር ይዘምሩ፣ መጠጥም ይከለክሉ ነበር። መንግሥት ወታደርና የጦር ጀልባ ላከባቸው። የሚኖሩበት ቤት የኩባንያው ነበርና ቤተሰባቸው ጎዳና ላይ ተጣለ። ተሸንፈው ተመለሱ፤ ከፊሉም ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዬተቦሪ ከተማ ላይ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ማኅበር ተከፈተ። መጠጥን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው የሚገባበት የጉድ ቴምፕላሮች ማኅበር ነው፤ የተወለደው በኒው ዮርክ ግዛት ሲሆን ወደ ስዊድን ያመጣው ኡሎፍ በሪስትረም የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። መጠጥ በዚያ ዘመን የሠራተኛውን ደሞዝ ይበላ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን የማኅበሩ ሥርዓት ነው። ሰብሳቢ ይመረጣል፤ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ መርማሪ ይሰየማል። ለመናገር እጅ ይወጣል። ሴቶች እኩል አባል ናቸው፤ ድምፅም ይሰጣሉ። የአገሪቱ ሕግ ያልሰጣትን ድምፅ የልብስ አጣቢዋ ከዚያ አዳራሽ ታገኝ ነበር። በኋላም በ1902 ኦስካር ኦልሶን የተባለ የዚሁ ማኅበር ሰው መጽሐፍ በጋራ ገዝቶ ማንበብንና ክብ ሠርቶ መወያየትን አስጀመረ። ዛሬ በመላው ስዊድን የሚገኘው የጥናት ክበብ ዘሩ ይኸው ነው፤ እኛም ሐበሾች በከተማ ዳርቻ ሰፈሮች በእነዚሁ ክበቦች ቋንቋ እንማራለን፣ ስፌት እንማራለን፣ አማርኛ ለልጆቻችን እናስተምራለን።

የሠራተኛው ፖለቲካ የመጣው ዘግይቶ ነው። በኅዳር 1881 አውጉስት ፓልም የተባለ ልብስ ሰፊ በጀርመንና በዴንማርክ የሰማውን ሶሻሊዝም ማልሞ ላይ ቆሞ ተናገረ። በ1885 ስቶክሆልም መጥቶ «ሶሲያል ዴሞክራተን» የተባለ ጋዜጣ ጀመረ። አዳራሽ የሚያከራየው ስላልነበረ በከተማው ዳር በሊል ያንስ ጫካ ነበር ሰው የሚሰበስበው። ጋዜጣውን ብዙም ሳይቆይ የተረከበው ያልማር ብራንቲንግ ደግሞ የመምህር ልጅ፣ ኡፕሳላ ላይ ሒሳብና ሥነ ፈለክ የተማረ ሰው ነው። በጋዜጣው በወጣ ጽሑፍ ሃይማኖትን ተሳድበሃል ተብሎ ታስሯል። ልብስ ሰፊው መንገዱን ጠረገ፤ የተማረው ተረከበው። ለፓልም ያዝናለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ ሚያዝያ 23 ቀን 1889 ስቶክሆልም ላይ የተመሠረተው የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አይቆምም ነበር። ሐውልት ለማየት ለሚወድ፣ ቀራፂው ካርል ኤልድ የሠራው ትልቁ የብራንቲንግ ሐውልት ኖራ ባንቶርየት አደባባይ ላይ ይገኛል፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው።

የአሜሪካና የስዊድን ታሪክ በዚያ ዘመን በአንድ ገመድ የተገመደ ነው። በግንቦት 1886 ቺካጎ ውስጥ ሠራተኞች በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንሥራ ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ነገሩ በሄይማርኬት አደባባይ በፈነዳ ቦምብና በኋላ በተፈጸመ ስቅላት ተደመደመ። የዚያን ጥያቄ ለማንገብ ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች ሜይ 1 ቀንን ቆረጡ፤ በ1890ም ስቶክሆልም ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በሰልፍ ወደ ያርደት ሜዳ ወጣ። የስምንት ሰዓቱ ሕግ እዚህ የጸደቀው በ1919 ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። የተሰደዱትም ዝም አላሉም። ከየቭለ ከተማ የሄደው ዩኤል ሔግሉንድ አሜሪካ ውስጥ ጆ ሂል በሚል ስም የሠራተኛ መዝሙር ደራሲ ሆነ፤ በ1915 ዩታ ውስጥ በጥይት ተደብድቦ ተገደለ። በልጅነቷ ተሰድዳ ቺካጎ ጫማ ፋብሪካ የሠራችው ማሪ አንደርሰን ደግሞ በ1920 የተቋቋመውን የአሜሪካ መንግሥት የሴት ሠራተኞች መሥሪያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ መርታለች። አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ ቺካጎ ድሆች ሰፈር ገብታ ሐል ሐውስን እንደከፈተች ሁሉ፣ ናታናኤል ቤስኮቭና ኤባ ፓውሊ በ1912 በስቶክሆልም የሠራተኞች ሰፈር ቢርካጎርደንን ከፈቱ። የተማሩ ሰዎች ከድሀው መካከል ገብተው የሚኖሩበት፣ ሕፃናት የሚውሉበት፣ ማታ ማታ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ነው። ቤቱ ዛሬም አለ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤትም አለው።

አሁን ወደ 1909 ልምጣ፤ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ይህ ዓመት ነው።

ከዓመታት በፊት የምረዳቸው አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አሮጊት ነበሩ። በዚህ አገር አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። አባታቸው የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ጠዋት ደም ግፊታቸውን ለክቼ ቡና እስካፈላ ድረስ ስለ አባታቸው ያወሩኝ ነበር፤ አንድ ቀንም ከመሳቢያ ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው የቃለ ጉባኤ መዝገብ አውጥተው አሳዩኝ።

በዚያ ክረምት አሠሪዎች ደሞዝ ለመቀነስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን በር ዘጉባቸው። በ1898 የተመሠረተው የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከነሐሴ 4 ቀን ጀምሮ አጠቃላይ አድማ ጠራ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ሥራ አቆመ፤ በዚያ ዘመን በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት አድማዎች አንዱ ነበር። የማተሚያ ሠራተኞችም ከቀናት በኋላ ስለገቡበት ጋዜጦች ተቋረጡ፤ አድመኞቹ «ስቫረት» የተባለ የራሳቸውን ጋዜጣ አሳተሙ። ሆስፒታልና የብርሃን፣ የውኃ አገልግሎት እንዳይቋረጥ ማኅበሩ ራሱ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። መንግሥት መጠጥ ቤቶችን ዘጋ። ብዙዎች ደም ይፈስሳል ብለው ፈርተው ነበር፤ ስቶክሆልም ግን ጸጥ አለች። ሠራተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ዓሣ ያጠምድ፣ እንጉዳይና ፍሬ ይለቅም ነበር ይላሉ አሮጊቷ አባታቸው እንደነገሯቸው።

ግን ጓዳ ባዶ ሲሆን ጸጥታ አይበላም። የማኅበሩ ካዝና ተራቆተ፤ በመስከረም መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ሠራተኛ ያለ አንዳች ድል ሥራ ገባ። ብዙዎች ዳግም አልተቀጠሩም። አባታቸው ከተቀጡት አንዱ ነበሩ፤ ወንድማቸው ሚኒሶታ ሄደ፣ እሳቸው ግን ቀሩ። ከአድማው በፊት ወደ 160 ሺህ የነበረው የኮንፌዴሬሽኑ አባል በ1910 ወደ 85 ሺህ ወረደ። ያየሁት መዝገብ የዚያ ክረምት ማግስት ነው። የተገኙ አባላት ሰባት፤ አጀንዳ አንድ፣ የወር መዋጮ፤ አጀንዳ ሁለት፣ ለመጽሐፍ ሣጥን አዲስ መጽሐፍ መግዛት። ሥራ የሌላቸው ሰባት ሰዎች መጽሐፍ ሊገዙ ተስማምተው ፈርመዋል። ያንን ገጽ ሳነብ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናይ ያ ስብሰባ ከንቱ አልነበረም። በዚያው በ1909 ወንዶች ሁሉ ለሁለተኛው ምክር ቤት የሚመርጡበት ሕግ ጸደቀ። በ1912 የሠራተኞች የትምህርት ማኅበር ተቋቋመ። በ1913 ለአረጋውያን ሁሉ የጡረታ ሕግ ወጣ። ሴቶችም ከ1903 ጀምሮ በአገር አቀፍ ማኅበር ተደራጅተው ነበር፤ በ1914 ከ350 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባስበው ለፓርላማ አቀረቡ፤ ያም ጊዜ ተሸነፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በመስከረም 1921 ነው። ፓርላማ ከገቡት አምስት ሴቶች አንዷ አግዳ ኧስትሉንድ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሌላዋ ሸሽቲን ሄሰልግሬን የመጀመሪያዋ ሴት የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ። ብራንቲንግ በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ከኖርዌያዊው ክርስቲያን ላንገ ጋር ተቀበለ።

ሁሉም ግብ ግን አልተመታም። የመጠጥ ተቃዋሚዎች በ1909 ራሳቸው ባዘጋጁት የፊርማ ድምፅ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው መጠጥ ይከልከል ብሎላቸው ነበር። በነሐሴ 1922 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ግን በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ፤ የወንዱና የሴቱ ድምፅ ለየብቻ ተቆጥሮ አብዛኛዋ ሴት ይከልከል፣ አብዛኛው ወንድ አይከልከል ብሎ ተገኘ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ ፈጽማ ከልክላ ነበር፤ ስዊድን ግን የሐኪሙን የኢቫን ብራትን መንገድ መረጠች። የሚጠጣው ሰው ደብተር ይሰጠውና በወር የተመደበለትን ብቻ ይገዛል። ደብተሩ በ1955 ቀርቷል፤ ዛሬም ጠንካራ መጠጥ በችርቻሮ የሚሸጠው በአብዛኛው የመንግሥቱ ሱቅ ነው።

አንድ ነገር መዝለል አልችልም። እነዚሁ ለድሀ የቆሙ ሰዎች ሌላም ነገር ሠርተዋል። በ1921 የዘር ጥናት ተቋም በመንግሥት ወጪ ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ ለፓርላማ ካቀረቡት ፈራሚዎች አንዱ ብራንቲንግ ነበር፤ ተቋሙም በ1922 ኡፕሳላ ላይ ተከፈተ። ከ1934 ጀምሮ የወጣው ሕግ ደግሞ ለመውለድ አይበቁም የተባሉ ሰዎች እንዲመክኑ ፈቀደ፤ እስከ 1975 ድረስ 63 ሺህ ያህል ሰው፣ አብዛኛዎቹ ሴቶች፣ መክነዋል፤ ብዙዎቹ ተገደው ወይም ተጭኗቸው ነው። የራስ ቅል እየለኩ ሰውን በደረጃ የሚያስቀምጠው ያ ተቋም እኔን የት ያስቀምጠኝ እንደነበር አውቃለሁ። ድሀን ማንሳት ከሰው ልጅ ክብር ሲነጠል ምን እንደሚያመጣ ይህ ማስረጃ ነው። ለሠራተኞቹ ያለኝን ፍቅር አይቀንስብኝም፤ ነገር ግን ሐውልቱ ሥር ቆሜ አላጨበጭብም።

ስለ እኛስ? በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም ሸሚኖዎቹ ከቀደሙት ውስጥ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ማኅበሩ የአገሪቱን የመጀመሪያ ጠቅላላ አድማ ጠራ፤ አባቴም ሥራ አቆመ። ያ አድማ ፍሬ ነበረው፤ መንግሥቱ ቃል ገብቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በ1968 ዓ.ም.፣ ደርግ ማኅበሩን አፈረሰው፤ መሪዎቹም ታሠሩ። በስዊድን የተሸነፉት ሠራተኞች በማግስቱ የሚሰበሰቡበት ክፍል ነበራቸው። የእኛዎቹ ክፍሉንም፣ መዝገቡንም፣ ሰብሳቢውንም አንድ ላይ ተቀሙ። ልዩነቱ በጀግንነት አይደለም፤ አሠሪዎቹ በ1906 የመደራጀትን መብት በስምምነት ፈርመው ስለነበር ካሸነፉ በኋላ እንኳ ማኅበሩን አላጠፉትም። በ1938 ሳልትሼባደን ላይ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው የሥራ ሰላም ውል የተፈራረሙትም ከዚህ የተነሣ ነው። ያሸነፈ ሁሉ የተሸናፊውን ቤት በሚያፈርስበት አገር ውስጥ ግን እንኳን ሠራተኛው መንግሥትም አይረጋም፤ ይህን እኛው ከማንም በላይ አይተነዋል።

ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ ሒሳብ መመርመር ለእኛ ባዕድ አይደለም። እድር አለን፤ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ቅጣቱ ሁሉ አለ። ስቶክሆልም ውስጥም ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ቤት የሚያደርስ እድር አቋቁመናል። ለሞት እንዲህ ከተደራጀን ለደሞዝ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልጆቻችን ትምህርት የማንደራጅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ እዚህ ላላችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ የምለው አለኝ። ለሠራተኛ ማኅበር በየወሩ ትከፍላላችሁ፤ ዓመታዊ ስብሰባው ሲጠራ ግን ከእኛ ወገን የምንገኘው ጥቂቶች ነን። ኑ። ቋንቋው ከከበዳችሁ አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ አስረዳችኋለሁ። ሌላም አለ፦ ዜግነት ባይኖራችሁ እንኳ ስዊድን ውስጥ ተመዝግባችሁ ሦስት ዓመት ከኖራችሁ በከተማና በክልል ምርጫ የመምረጥ መብት አላችሁ፤ ሕጉ ከ1976 ጀምሮ ነው። የአረጋውያን እንክብካቤ፣ የሕፃናት መዋያ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች ነው። ምርጫው በየአራት ዓመቱ በመስከረም ሁለተኛው እሑድ ይካሄዳል፤ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ወደ ምርጫ ጣቢያው ጎራ በሉ።